ለዌይ የተጫነው የወረቀት ፈረስ

ሄበይ፣ ቻይና
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ እንየው፣

ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ሰነበቱ? እትዬ የሻረግስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ከእንጅባራ ከተመለስኩ ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍ በመቅረቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። «ትዕግስት ሞታ ነው ወይስ አግብታ ነው ዝም ያለችን?» ብለው መጠየቅዎን የእህትዎ ልጅ ሰርክአዲስ ነገረችኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ አፈርኩ። አልሞትኩም፤ አላገባሁምም። አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ የሰው ወረቀት እተረጉማለሁ። እዚህ ትዕግስት ብሎ የሚጠራኝ የለም። ስሙን ያወጡልኝ ቤይጂንግ ያስተማሩኝ የአማርኛ መምህሬ ቢሆኑም፣ በስሙ የተጠራሁት ተከራይቼ በኖርኩበት በእርስዎ ግቢ ብቻ ነው። ጓሮዎ ያለው ቀርከሃ በነፋስ ሲፋጭ ዝናብ የመጣ እየመሰለኝ ልብስ ላስገባ ስሮጥ ይስቁብኝ ነበር። ዛሬም የቀርከሃ ድምፅ ስሰማ እግሬ ይነሳል።

አሁን የምጽፍልዎ ስለ ዌይ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ወገኔ ይለው የነበረው፣ እኔ ያስተረጎምኩለት የመንገድ ሥራ ድርጅት ቀያሽ። ወገኔ የካምፑ ዘበኛ ስም ነበር፤ ዌይ ግን ሰላምታ መስሎት ያገኘውን ሁሉ «ወገኔ!» እያለ ያልፍ ስለነበር ስሙ በዚያው ቀረ። ከሞተ አራት ዓመት ሊሞላው ነው።

ባለፈው ወር አባቱን ሄጄ አየኋቸው። ሊው ይባላሉ፤ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ሥራቸው ከማሽላ አገዳና ከወረቀት የሙታን ዕቃ መሥራት ነው። ይህን ላስረዳዎ፤ ትንሽ ይታገሡኝ። በእኛ አገር የቆየ እምነት ሰው ከሞተ በኋላም ቤትና መጓጓዣ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከወረቀት ቤት ይሠራለታል፤ ለወንድ ፈረስ፣ ለሴት ደግሞ በሬ ይሠራና ይቃጠላል። ሲቃጠል ለሟቹ ይደርሰዋል ይባላል። የሽማግሌው አያትም አባትም ይህንኑ ሲሠሩ ኖረው ነው የሞቱት።

በራቸው ላይ ግን ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። «የአጉል እምነት የቀብር ዕቃ መሥራትም መሸጥም ክልክል ነው» ይላል። የሰፈሩ ሹም የለጠፈው ነው። ሽማግሌው አልቀደዱትም። ከላዩ ደረቅ በርበሬ ሰቅለውበታል።

የዌይ ሬሳ ተቃጥሎ አመዱ በትንሽ ሳጥን ነበር የመጣላቸው። ያን ጊዜ በወረርሽኙ ምክንያት ሰው መሰብሰብ ስላልተፈቀደ እንደ ወጉ አልቀበሩትም፤ ፈረስም አልሠሩለትም። አሁን «እጄ ሳይንቀጠቀጥ ልሥራለት» ይላሉ። የቻይና ፈረስ ግን አይፈልጉም። «ልጄ የሞተው እዚያ ነው። ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ከዚያ ጀምሮ የሚያውቀው የዚያ አገር ፈረስ ነው» አሉኝ። የመቃብር ማጽጃ በዓላችን በእናንተ መጋቢት 26 ይውላል፤ ለዚያ ቀን ማድረስ ይፈልጋሉ።

እርስዎ አርባ ዓመት ኮርቻ የሠሩ ሰው ነዎት። የአዊን ፈረስ ከእርስዎ በላይ ማን ይነግራቸዋል? ቁመቱን፣ አንገቱን፣ ልጓሙን፣ ዘርፉን ይጻፉልኝ። ፎቶ ላሳይዎ ብላቸው «ፎቶ ቆዳውን ነው የሚያሳየው፤ አብሮት የኖረ ሰው ይንገረኝ» አሉ።

ሽማግሌው አማርኛ አያውቁም። የሚጽፉልኝን መርጬ የምነግራቸው እኔ ነኝ።

አክባሪዎ ትዕግስት


እንጅባራ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለትዕግስት፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የየሻረግ ጉልበት ያው ነው፤ ፀበል ትመላለሳለች፤ ከፀበሉ ይልቅ መንገዱ ነው መሰል የሚያፍታታት። ደብዳቤሽን ሰርክአዲስ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ላከችልኝ። ኔትወርኩ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ቢኖርም እንዲህ ያለው ነገር በስልክ አይባልም።

በሰርክአዲስ በኩል ስለ ክፍልሽ ለጠየቅሽኝ፣ ለአንዲት የባንክ ሠራተኛ አከራየነው። ግድግዳው ላይ የለጠፍሽውን ቀይ ወረቀት ልታነሳው ስትል የሻረግ ከለከለቻት። ምን እንደሚል አናውቅም፤ ግን ያንቺ ነው።

የልጁን አባት ነገር ሳነብ አዘንኩ። እግዚአብሔር ያጽናቸው በይልኝ። እኔ ክርስቲያን ነኝና በዚህ ወረቀት ማቃጠል ነገር መግባት ይገባኛል ወይ ብዬ የነፍስ አባቴን ቄስ ሽመክትን ጠየቅኋቸው።

«ወረቀቱን አንተ ነህ የምታቃጥለው?» አሉኝ።

«አይደለሁም፤ ስለ ፈረስ ንገረኝ ነው ያሉኝ።»

«ታዲያ ስለ ፈረስ መናገር መቼ ነው ኃጢአት የሆነው?» ብለው ሄዱ።

ይሁን እንጂ ለእኔ አይሆንልኝም። ኮርቻ መሥራት ከተውኩ ቆየሁ። ዓይኔ ደከመ። መርፌ ውስጥ ጠፍር ማስገባት አቃተኝ። የፈረስም ነገር ከውስጤ ወጥቷል። አባቱን መኪና ይሥሩለት በያቸው። በመኪና አደጋ ሞተ አይደል የድርጅቱ ወረቀት የሚለው? ደግሞም ልጁ ዘመናዊ ሰው ነበር፤ ፈረስ ምን ያደርግለታል? የግድ ፈረስ ካሉ ዳንግላ ጋሪ ነጂ ሞልቷል፤ ሰርክአዲስ አንዱን ትጠይቅልሽ።

ክረምቱ ደህና ወጣ። ገብሱ ታጭዶ ገብቷል። ሌላ ወሬ የለም።

እኔን ግን ከዚህ ነገር ተይኝ፣ ልጄ።

እንየው


ሄበይ
ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ እንየው፣

እንኳን ለጥምቀት በሰላም አደረሰዎ። ደብዳቤዬ ከበዓሉ በኋላ እንደሚደርስዎ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ልበል። ለቄስ ሽመክት ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

መኪና ይሥሩለት ያሉትን ለሽማግሌው ነገርኳቸው። «መኪናም ሠርቻለሁ፤ ለሌላ ሰው ልጅ» አሉኝ። ከዚያ አንድ ታሪክ ነገሩኝ። እርስዎም የእጅ ባለሙያ ነዎትና ልንገርዎ።

እሳቸው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳሉ አብዮተኛ ወጣቶች ክንዳቸው ላይ ቀይ ጨርቅ አስረው ቤታቸውን በረበሩ። የተሠሩትን ፈረሶች ሁሉ አውጥተው መንታ መንገድ ላይ አቃጠሉ። ለማን እንደሚቃጠሉ ስም ሳይጠራባቸው ተቃጠሉ። ይህ ለሽማግሌው እስከ ዛሬ ከሁሉ የከፋው ነው። በማግሥቱ አባታቸውን በሰው ፊት ሊያዋርዷቸው ረጅም የወረቀት ቆብ ሊያደርጉላቸው ፈለጉ፤ ወረቀት አጣጥፎ የሚሠራ ሌላ ሰው ስላልነበረ ቆቡን ራሳቸው እንዲሠሩት አዘዟቸው።

«አባቴ ቆቡን አሳምሮ ሠራው» አሉኝ ሽማግሌው። «ጫፉ ቀጥ ያለ፣ ስፌቱ የማይታይ። እናቴ ‹ለምን ትለፋበታለህ?› አለችው። አበላሽቶ መሥራት አያውቅም ነበር።»

ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ያህል ለሰልፍ ቀይ የወረቀት አበባ ሲሠሩ ኖሩ። ፈረስ የሚል ቃል ቤታቸው ውስጥ አልተነሳም። ኋላ ነገሩ ሲላላ እንደገና ጀመሩ። አሁን ደግሞ ሁለት መሥሪያ ቤት ይመላለስባቸዋል። የሰፈሩ ሹም አትሥራ ይላል። ከባህል ቢሮ የምትመጣ ሱን የምትባል ወጣት ሠራተኛ ደግሞ «ሥራዎ ቅርስ ነው፤ እንመዝግብዎት፤ አንድ ትልቅ ፈረስ ለኤግዚቢሽን ይሥሩልን፤ ብቻ እንዳይቃጠል» ትላለች። ሽማግሌው «የማይቃጠል ፈረስ የት ይደርሳል?» ብለው ጠየቋት።

ስለ እርስዎ ያሉትን ግን እንዳለ ልጻፍልዎ፤ «ኮርቻ ሠሪ ስለ ፈረስ አልናገርም ካለ ምክንያት አለው። ምክንያቱን ጠይቂልኝ።»

ጋሽ እንየው፣ ከእርስዎ በፊት እኔ የደበቅሁትን ልናገር። ጥር 20 ቀን 2013 ከሰዓት በኋላ የድርጅቱ ሰዎች ቢሮ ጠርተው የዌይን የሞት ወረቀት እንድተረጉም ሰጡኝ። «በሥራ ላይ ሳለ በደረሰ የመኪና አደጋ» ይላል። ተረጎምኩት፤ ፈረምኩበትም። ወደ ቤት ስመለስ እትዬ የሻረግ ጓሮ ኮርቻ ያጥባሉ። የሚወርደው ውሃ ቀይ ነበር። ሰላም አልኳቸው፤ እሳቸውም ሰላም አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አንድ ግቢ ኖርን፤ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ተርጓሚ ሌሎች የሚሉትን ብቻ መናገር ነው ሥራዋ እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

አሁን እጠይቅዎታለሁ። ያን ቀን ምን ሆነ?

ትዕግስት


እንጅባራ
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ትዕግስት፣

ዛሬ ሰላምታ አላበዛም።

ዓይኔ ደህና ነው። መርፌም ጠፍርም አያቅተኝም። ዋሽቼሻለሁ።

ልጁ እሑድ እሑድ እኛ ቤት ይመጣ ነበር፤ አንቺም ታውቂያለሽ። አንቺ ያላወቅሽው ፈረስ እያስተማርኩት መሆኑን ነው። ድርጅቱ ከልክሎት ስለነበር ላንቺም እንዳልነግር ለምኖኛል። ፈረሴን ዳማን ይወደው ነበር። በአገውኛ ሲጠራው ፈረሱ ከእኔ ይልቅ ለእሱ ይመልስ ጀመር። ኋላ «ጥር 23 በዓሉ ላይ ከፈረሰኞች ማኅበር ጋር እወጣለሁ» አለ። ሳቅሁበት። እሱ ግን አልሳቀም።

በዚያ ቀን በሥራ ሰዓት መጣ። እኔ ኮርቻውን ስመለከት የሆዱ ጠፍር ከዘለበቱ አጠገብ ሰንጠቅ ብሎ አገኘሁት። ቅዳሜ ልቀይረው አስቤ ነበር።

«ዛሬ አይሆንም፤ ጠፍሩ መቀየር አለበት» አልኩት።

ሦስት ጣቱን አወጣ። ሦስት ቀን ነው የቀረኝ ማለቱ ነው። ከዚያ እጁን አጣምሮ እንደ ልጅ ለመነኝ። ጠፍሩን ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አድርጌ አየሁት።

«ለዛሬ ይችላል» አልኩት።

አርባ ዓመት ሙሉ ለሰው «የተሰነጠቀ ጠፍር አትመን» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ለራሴ ቤት ልጅ ግን ለዛሬ ይችላል አልኩ። ሜዳው ዳር ሲታጠፍ ጠፍሩ ተበጠሰ። ኮርቻው ወደ ጎን ዞረ፤ እግሩ ከእርካቡ አልወጣም። ሮጬ ስደርስ ዳማ ቆሞ ነበር። ፈረሱ ምንም አላጠፋም፤ ይህን ለአባቱ አጥብቀሽ ንገሪልኝ። ልጁ ዓይኑ ክፍት ነበር፤ እኔን ግን አላየኝም።

ከድርጅቱ ሰዎች መጥተው በፒክአፕ ወሰዱት። ሹፌሩ ወደ እኔ ተመልሶ «ፈረስ የሚል ነገር እንዳታነሳ። ከሥራ ውጭ ሞተ ከተባለ ቤተሰቡ ይጎዳል» አለኝ። እሺ አልኩ። ለቤተሰቡ ብዬ ነው አልኩ በልቤ። ለራሴም ነበር።

ዳማን ግምጃ ቤት ገበያ ወስጄ ሸጥኩት። ኮርቻውን አቃጠልኩት። ሥራውን ተውኩ። ሰው ሲጠይቀኝ ዓይኔ እላለሁ። ተዝካር ላወጣለት አሰብኩ፤ ግን የክርስትና ስም የለውም፤ በምን ስም ይጠራ? ለቆሎ ተማሪዎች ምሳ አበላሁ። የማን እንደሆነ ሲጠይቁኝ «የሩቅ ዘመድ» አልኩ።

የአባትየውን ቆብ ታሪክ ደጋግሜ አነበብኩት። እኔም ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ካድሬው «ለሙታን እህል አታባክኑ» እያለ ይሰብከን ነበር። እናቴ የአባቴን ተዝካር ያወጣችው «የአጨዳ ደቦ ነው» ብላ ነው። ካድሬው ራሱ መጥቶ በላ። ስለዚህ እሳቸው ከማን ተደብቀው እንደሚሠሩ ይገባኛል።

አሁን ፈረሱን ልንገራቸው። የእኛ ፈረስ ቁመቱ ትልቅ አይደለም፤ ጀርባው እኔ ደረት ድረስ ነው። ደረቱ ሰፊ፣ እግሩ ቀጭን፣ ሰኮናው ትንሽና ጠንካራ ነው፤ ዳገት የለመደ ነው። ጆሮው አጭር ነው፤ ሲሰማ ጫፎቹ ሊገናኙ ይቀርባሉ። ዳማ ቀለሙ የደረቀ የቀርከሃ ቅርፊት ላይ ማር እንደፈሰሰበት ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ ቦቃ አለው፤ ቦቃው መሐል ላይ አይደለም፤ ወደ ግራ ዓይኑ ያዘነብላል። ለበዓል ሲወጣ ከግንባሩ ቀይና አረንጓዴ ዘርፍ ይወርዳል። አንገቱ ላይ አንድ ቃጭል አለ። ሁለት አይደለም። ጅራቱ አይታሰርም።

አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። ኮርቻ አይሥሩለት። ጀርባው ባዶ ይሁን።

እዚህ የጻፍኩትን ሳትመርጪ ንገሪያቸው። የሚሉኝን እቀበላለሁ።

እንየው


ሄበይ
መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ እንየው፣

ይህን ያህል ያዘገየሁት የምጽፍልዎ ነገር ስላልነበረኝ ነው።

ደብዳቤዎን ይዤ በደረስኩ ቀን ሽማግሌው የማሽላ አገዳ እየሰነጠቁ ነበር። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ሳልመርጥ አነበብኩላቸው። አገዳ መሰንጠቁን አላቆሙም፤ «ለዛሬ ይችላል» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ቢላቸው ቆመ። ያን ቃል በቻይንኛ እንዴት እንደምለው ተቸግሬ ነበር፤ ሦስት ዓይነት አድርጌ ነገርኳቸው። በሦስቱም ገባቸው። ከዚያ የሐሰቱን ወረቀት የተረጎምኩት እኔ መሆኔንም ነገርኳቸው።

«አንቺም?» አሉ።

«እኔም።»

«ሂጂ» አሉኝ። የቀዱልኝን ሻይ ሳልጠጣው ወጣሁ።

አሥራ ስምንት ቀን አልደወሉም። እኔም ለመደወል ድፍረት አጣሁ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ስልኬ ጠራ። «የፈረሱ ጆሮ ሲሰማ ወደ ውስጥ ነው ወይስ ወደ ፊት የሚገናኘው?» አሉኝ። ሰላምታ የለም፣ ምንም የለም። ደብዳቤውን አውጥቼ ደግሜ አነበብኩ። «የተጻፈው አይለይም» አልኳቸው። «እንግዲያው ወደ ፊት አደርገዋለሁ» ብለው ዘጉ።

መጋቢት 26 በጠዋት ሄድኩ። በሩን ሲከፍቱልኝ ፈረሱ መሐል ቤት ቆሟል። ጋሽ እንየው፣ ወረቀት መሆኑን እያወቅሁ ለማለፍ መንገድ እስኪሰጠኝ ጠበቅሁት። ቀለሙን ያገኙት ወረቀቱን በሻይ ዘፍዝፈው ነው። ቦቃው ወደ ግራ ዓይኑ ያዘነብላል። ቃጭሉ አንድ ነው።

ኮርቻም አለው። ልመናዎን ነግሬያቸው ነበር፤ አልተቀበሉም። «ልጄ ኮርቻ የሌለው ፈረስ መጋለብ ይችል እንደሆነ አላውቅም» አሉኝ። የሆዱን ጠፍር በሦስት ድርብ ወረቀት ሠርተውታል፤ ሙጫው እስኪደርቅ አራት ቀን ጠብቀዋል። ጎትቼ እንዳየው አዘዙኝ። ጎተትኩት።

ልናወጣው ስንል የባህል ቢሮዋ ሱን መጣች። በበዓሉ ቀን ቤት ለቤት እሳት እንዳይነድ የሚቆጣጠሩት ሹሞች ይዘዋት መውጣታቸው ነው። እኛ ደንግጠን ቆምን። ፈረሱን ዞረችው፤ ጠፍሩን በጣቷ ነካችው። «ለማን ነው?» አለች።

«ለልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ከሞተ አራት ዓመቱ ነው።»

 ከዚያ ቅጿን አውጥታ «አንድ የወረቀት ፈረስ፣ ለኤግዚቢሽን» ብላ ሞላች። «ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና ይዤ መጥቼ እወስደዋለሁ» አለች። ሰዓቷን አየት አድርጋ «አሁን አራት ሰዓት ነው» አለችና ደጅ የቆሙትን ሹሞች ይዛ ሄደች።

ግቢያቸው ውስጥ አደረግነው። ሽማግሌው የልጃቸውን ስም ሦስት ጊዜ ጮክ ብለው ጠሩ፤ እኔም እንድጠራ አዘዙኝ። እሳቱ ከጆሮው ጀመረ። እስኪያልቅ ድረስ ሽማግሌው አልተቀመጡም። አመዱን ጠርገው አፈር መለሱበት፤ ከዚያ ሁለታችንም ደረጃው ላይ ተቀምጠን ሻይ ጠጣን።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሱን መኪና ይዛ መጣች። ባዶውን ቤት አየች። «ፈረሱ ሄደ?» አለች። «ሄደ» አሉ። ቅጹ ላይ «በዝናብ ተበላሽቷል» ብላ ጻፈች። ለሁለት ሳምንት ጠብታ አልወረደም ነበር።

አሁን ወደ እርስዎ መልእክት ልምጣ። ሽማግሌው ያሉኝን ምንም ሳልጨምር እጽፋለሁ፤

«ይቅር ብሎሃል ብለሽ እንዳትጽፊ። ገና አላልኩም። እል ይሆናል፤ አላውቅም። ግን ለአራት ዓመት መኪና ሲገለበጥ በሕልሜ ሳይ ኖሬያለሁ፤ አሁን የማየው ፈረስ ነው። ለዚህ አመሰግነዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ። የሞተበትን ቀን ነግሮኛል። ልጄ ፈረስ ላይ ሳለ እኔ አላየሁትም፤ እሱ አይቶታል። እንዴት እንደነበር ይንገረኝ።»

ትዕግስት


እንጅባራ
ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለትዕግስት፣ በእሷም በኩል ለዌይ አባት፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ለእሳቸውም ጤና ይስጥልኝ በይልኝ። ስላላሉት ነገር አልጠይቃቸውም። የጠየቁኝን ልመልስ።

እውነቱን ልንገራቸው፤ መጀመሪያ ላይ መጥፎ ጋላቢ ነበር። ልጓሙን ትቶ ጋማውን በሁለት እጁ ይዞ ይቀመጥ ነበር። ፈረሱ ሣር ሲያይ ይቆማል፤ እሱም አብሮ ይቆማል፤ የሻረግ ከበር ላይ ሆና ትስቅበታለች። ሁለት ጊዜ ወድቆ ሁለት ጊዜም ጭቃውን አራግፎ ተነሳ። ቁጥር የለመደ ሰው ነውና እያንዳንዱን ነገር ይለካ ነበር፤ እርካቡን በጣት፣ ሜዳውን በእርምጃ። «ፈረስ አይለካም፤ ዝም ብለህ ስማው» እለው ነበር። አማርኛዬ ይግባው አይግባው እንጃ።

ከዚያ ኅዳር ውስጥ አንድ እሑድ፣ ገብሱ ከታጨደ በኋላ፣ ሜዳው ሲገለጥ ወጣ። እኔ አጥር ጥግ ቁጭ ብዬ ጠፍር አቀጥን ነበር። ሲመለስ ኮቴውን ሰማሁ። ቀና ስል እጁ ጋማው ላይ አልነበረም። ትከሻው ወርዷል፤ ጉልበቱ ፈረሱ ላይ ተቀምጧል፤ አገጩ ወደ ፊት ነው። ማንም ያላስተማረውን አቀማመጥ ተቀምጧል። ቤቱ በር ላይ ይቆማል ስል አለፈኝ። ፈረሱ የፈረጠጠ መስሎኝ ጠፍሩን ጥዬ ሮጥኩ። ለካ አልፈረጠጠም፤ ልጁ ራሱ ነው የመለሰው። ሜዳውን ዞሮ መጣና እንደገና አለፈኝ። እየሳቀ ነበር፤ ድምፁ አይሰማም፤ ጥርሱ ብቻ ነው የሚታየው።

የሻረግ ወጥታ «ምሳው ቀዘቀዘ በለው» አለችኝ።

መሐል ሜዳ ቆሜ እጄን አነሳሁ። ውረድ ብዬ ጮህኩበት።

አልወረደም።

እንየው